ጁፒተርን የሚገጣጥሙ እጆች

ጁኖ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2011 ከፍሎሪዳ ወደ ህዋ ስትመጥቅ ከተሸከመቻቸው መሣሪያዎች አንዱ ለተልዕኮዋ የግድ አስፈላጊ አልነበረም። የተላከችው የጁፒተርን ውስጠኛ ክፍል እንድትመረምር ነው፤ ስበቱን እንድትለካ፣ መግነጢሳዊ መስኩን እንድትከታተል፣ ከደመናው ሥር ምን ያህል ውኃ እንዳለ እንድትፈትሽ። ለዚህ ሁሉ ፎቶግራፍ አያስፈልግም። ነገር ግን አምስት ዓመት ገደማ ተጉዞ ከፀሐይ ቤተሰብ ትልቁ ፕላኔት ዘንድ ደርሶ፣ ለሕዝብ የሚታይ ምስል ሳይዙ መቅረት ለተልዕኮው ሰዎች የሚዋጥላቸው አልሆነም። ስለዚህ ጁኖካም የተባለች አነስተኛ ካሜራ ተጨመረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሜራዋን የሠራው ሳን ዲዬጎ የሚገኘው ማሊን ስፔስ ሳይንስ ሲስተምስ ነው። ሌሎች ተልዕኮዎች እንደሚያደርጉት ግን ከጀርባዋ ትልቅ የምስል ሳይንቲስቶች ቡድን አልተመደበላትም። የካሜራዋ ኃላፊ ዶክተር ካንዲስ ሃንሰንና ጥቂት ባልደረቦቻቸው የመረጡት መንገድ ሌላ ነበር፤ ከጁፒተር የሚመጣው ጥሬ ምስል እንደደረሰ፣ ሳይጸዳና ሳይስተካከል፣ ለዓለም ክፍት ይሁን። የፈለገ ያውርደው፤ የቻለ ይሥራው።

ከ2016 ወዲህ በመጽሔት ሽፋንና በስልክ ስክሪን ላይ የምናያቸው የጁፒተር ምስሎች፣ እርስ በርስ የሚጠላለፉት ሰማያዊና ቡናማ አዙሪቶች፣ የዋልታዎቹ አውሎ ነፋሶች፣ አብዛኞቹ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ከምስሉ ግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን መስመር ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ የናሳና የተባባሪ ተቋማቱ ስም ካለቀ በኋላ መጨረሻው ላይ የአንድ ግለሰብ ስም ያገኛል። የዚያ ስም ባለቤት ምስሉን የሠራው አብዛኛውን ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ያለ ክፍያ ነው። አንባቢ ይህን ሥራ ቢያውቀው ምስሉን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል፤ ምክንያቱም እነዚህ ፎቶዎች ከተነሱት ይልቅ የተሠሩ ናቸው ቢባል የበለጠ ለእውነቱ ይቀርባል።

ጁኖካም የስልክ ካሜራ በሚሠራበት መንገድ አትሠራም። ጁኖ ሚዛኗን የምትጠብቀው እየተሽከረከረች ነው፤ በደቂቃ ሁለት ዙር ያህል። ካሜራዋም ከአካሏ ጋር ስለተገጠመች አብራ ትዞራለች፤ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ፕላኔቱንም ጨለማውን ጠፈርም ታዳርሳለች። የብርሃን መቀበያዋ ላይ አራት ጠባብ ማጣሪያዎች ተደርድረዋል። ሦስቱ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ናቸው። አራተኛው የሰው ዓይን የማያየውን፣ 889 ናኖሜትር ርዝመት ያለውን የብርሃን ሞገድ ያሳልፋል። ሚቴን ጋዝ ይህን ሞገድ ስለሚውጠው፣ ከፍ ብለው የተንሳፈፉ ደመናዎች በዚህ ማጣሪያ ደምቀው፣ ጥልቀት ያሉት ደግሞ ጠቁረው ይታያሉ። መንኮራኩሯ ስትዞር የፕላኔቱ ገጽ በየማጣሪያው ፊት በተራ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ተራም 1,648 ፒክስል ወርድና 128 ፒክስል ቁመት ያለው ቁራጭ ይመዘገባል።

ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ታዲያ ጁፒተርን አያይም። የሚያየው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ግራጫ ጥብጣብ ነው። አንዱ ቁራጭ ላይ የፕላኔቱ ጠርዝ እንደ ቀጭን ቅስት ብቅ ይላል። ከሥሩ ያለው ቁራጭ ያንኑ ቅስት ትንሽ ገፋ አድርጎ፣ በሌላ ድምቀት ይደግመዋል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ እንደገና ከሰማያዊው ይጀመራል። የአንዱ አዙሪት ግማሽ እዚህ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከሦስት ቁራጭ በታች። እዚህም እዚያም በጨረር የተመቱ ፒክስሎች እንደ ነጭ ብናኝ ተበትነዋል። ቀለም የሚባል ነገር የለም። ጋቢ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ በጠባቡ የተሸመነ ነው፤ ጎንና ጎኑ ተጋጥሞ እስኪሰፋ ድረስ ማንም አይለብሰውም። የጁኖካም ምስልም ሰፊውን የሚጠብቅ ጨርቅ ነው።

ስፌቱ ግን ቀላል አይደለም። ጁኖ ከደመናው በላይ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ዙር በምትሽከረከርበት ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች ማለት ነው። ጁፒተርም ቢሆን ቆሞ አይጠብቃትም፤ አሥር ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በዛቢያው ላይ አንድ ዙር ይዞራል። በዚህ ላይ ሌንሷ 58 ዲግሪ ስፋት የምታይ በመሆኗ ጠርዝ አካባቢ ያለውን ሁሉ ታጎብጣለች። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ቁራጮች የሚያሳዩት ያንኑ ደመና ቢሆንም፣ የታየበት ቦታና አቅጣጫ ተለውጧል፤ እንዲያው ጎን ለጎን ቢደረደሩ አይገጥሙም።

መፍትሔው ሒሳብ ነው። የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መንኮራኩሮቹ በየቅጽበቱ የት እንደነበሩና ወዴት ዞረው እንደነበር የሚገልጸውን የጉዞ መረጃ ለማንም በነፃ ይለቃል። የምስል ሠራተኛው ያንን ይወስድና ለእያንዳንዱ ቁራጭ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ በጁፒተር ኬንትሮስና ኬክሮስ ላይ ያለውን አድራሻ ያሰላል። የሽክርክሪቱ ፍጥነት በትንሹ ከተሳሳተ፣ የጊዜ ምዝገባው በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ከዘገየ፣ በነጩ ደመና ጫፍ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይቀራል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሠራተኛ የፕላኔቱን ጠርዝ እንደ መለኪያ የሚጠቀምበት፤ ጠርዙ የት መሆን እንዳለበት በሒሳብ ይታወቃልና፣ ምስሉ ላይ ያለው ጠርዝ ከዚያ እስኪገጥም ድረስ ቁጥሮቹን ያስተካክላል።

ከዚያ ብርሃኑ ይመጣል። ፀሐይ ከአንድ ወገን ስለምታበራ የፕላኔቱ አንዱ ጎን በጣም ደማቅ፣ ወደ ሌሊቱ የሚያደላው ጎን ደግሞ የጨለመ ይሆናል። ሠራተኛው የፀሐይዋን ማዕዘን አስልቶ የብርሃኑን ልዩነት ካላቀለለው በስተቀር በጨለማው በኩል ያሉት ደመናዎች ይጠፋሉ። ከመረጃው ብዛት የተነሳ በ12 ቢት የተለካው ብርሃን ወደ 8 ቢት ተጨምቆ ነው ወደ ምድር የሚላከው፤ እሱንም መልሶ መዘርጋት አለ። የሞቱ ፒክስሎችን መድፈን አለ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ሦስቱ ቀለሞች ተደራርበው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፕላኔት የሚታየው።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጀርመናዊው የሒሳብና የሶፍትዌር ባለሙያ ጌራልድ አይሽቴት ናቸው። ጁኖ በጉዞዋ መሀል፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2013፣ ከምድር ስበት ፍጥነት ለመበደር አጠገባችን አልፋ ስትሄድ ካሜራዋ ምድርን አንስታ ነበር። እነዚያ ምስሎች እንደ አይሽቴት ላሉ ሰዎች ጥሩ መለማመጃ ሆኑ። አይሽቴት ሥራውን በእጅ ከመገጣጠም ይልቅ ራሳቸው በጻፉት ሶፍትዌር ያስኬዱታል፤ አዲስ መረጃ ሲለቀቅ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹን የተገጣጠሙ ምስሎች ለሌሎች ያቀርባሉ። ሌላው ደግሞ ከዚያ ይነሳል። በብሪታንያ የሚኖሩት የምስል ጥበብ ባለሙያ ሾን ዶራን የአይሽቴትን ውጤት ተቀብለው ንፅፅሩን፣ ቀለሙንና አቀራረቡን በሠዓሊ ዓይን ያበጁታል። በጁኖ የመጀመሪያ ዓመታት ዓለም ያደነቃቸው በርካታ ምስሎች የሁለቱን ስም ጎን ለጎን የያዙት ለዚህ ነው። አንዱ ልኬቱን፣ ሌላው ውበቱን። ለነገሩ ይህ ዓይነት የሥራ ክፍፍል ታቅዶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባማረ ሁኔታ ባልተሳካ ነበር።

አይስላንዳዊው ቢዮርን ዮንሶን እና በሙያቸው የሶፍትዌር መሐንዲስ የሆኑት አሜሪካዊው ኬቪን ጊል ከዚሁ ተርታ ይቆጠራሉ። ዮንሶን ከጁኖ በፊትም የ1979ኙን የቮየጀር መንኮራኩሮች ምስሎች አንድ በአንድ እየሰበሰቡ በዘመኑ ኮምፒውተር እንደገና ሲገጣጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጁኖ ጁፒተር ዘንድ የደረሰችው ጁላይ 4 ቀን 2016 ነው። በዕቅዱ መሠረት በየ14 ቀኑ አንድ ዙር ልትዞር ነበር፤ ነገር ግን የሞተሯ ቫልቮች እንደሚፈለገው አልታዘዝ ስላሉ በገባችበት የ53 ቀን ምህዋር ላይ እንድትቆይ ተወሰነ። በዚህ ረጅም ሞላላ መንገድ አብዛኛውን ጊዜዋን ከፕላኔቱ ርቃ ታሳልፍና በየ53 ቀኑ አንዴ ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ በሁለት ሰዓት ገደማ ትወረወር ነበር። ምስል የሚገኘው በዋናነት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ቅርብ ስትሆን አንድ ፒክስል ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ ይሸፍናል፤ ከዋልታዎቹ በላይ ግን ርቀቱ ስለሚጨምር ዝርዝሩ ይቀንሳል። የሚላከው መረጃም የተወሰነ ስለሆነ የትኛው ቦታ ይነሳ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነበር። ይህንንም ለሕዝብ አቀረቡት። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ለሚደረገው ማለፍ ካሜራዋ የምታነሳቸውን ቦታዎች በሙሉ ሕዝብ በድምፅ እንዲመርጥ ተደረገ። ለመምረጥ ደግሞ ወቅታዊ ካርታ ያስፈልጋል፤ እሱን ያቀረቡት በየአገሩ ግቢያቸው ውስጥ ቴሌስኮፕ ተክለው ጁፒተርን የሚያነሱ አማተሮች ናቸው።

በዚያው ዓመት ጁላይ 10 ቀን ጁኖ በታላቁ ቀይ ነጥብ ላይ፣ 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ አለፈች። ይህ አውሎ ነፋስ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ሲለካ 16,350 ኪሎ ሜትር ወርድ ነበረው፤ ምድርን ውጦ ይተርፈዋል። ከዚያ በፊት ይህን ያህል የቀረበው መንኮራኩር አልነበረም። ጥሬው ምስል እንደተለቀቀ ወዲያው በተለያዩ አገሮች ያሉ ሰዎች ሥራ ጀመሩ፤ ናሳ ከሁለት ቀን በኋላ ለዓለም ዜና ሲያቀርብ ካሳያቸው ምስሎች መካከል የእነዚሁ አማተሮች ሥራ ይገኝበታል። ጉዳዩ በውበት አላበቃም። በስፔኑ ተመራማሪ አጉስቲን ሳንቼዝ ላቬጋ መሪነት በ2018 የወጣው ጥናት እነዚያን ምስሎች መርምሮ በነጥቡ ውስጥ ጥቃቅን የደመና ክምችቶችን፣ ሞገዶችን፣ የሚሾሩ አዙሪቶችን፣ በመሀሉ የታመሰ እምብርትንና ረጃጅም ክር መሰል ደመናዎችን ለይቷል። ከጥናቱ ደራሲዎች አንዱ ጌራልድ አይሽቴት ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ ይነሳል። ጁፒተር በእርግጥ እንዲህ ይመስላል?

አይመስልም። መንኮራኩሯ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት የሚያይ ሰው ቢኖር የሚታየው ደብዘዝ ያለ፣ ክሬም መሳይ ነጭና ቀላ ያለ ቡናማ ያለበት ፕላኔት ነው። ያ ድምቅ ያለ ሰማያዊና ብርቱካናማ የመጣው ሠራተኛው ቀለሙን ስላጎላው ነው። ጁኖ በጁላይ 2022 ለ43ኛ ጊዜ ስትቀርብ ያነሳችውን አንድ ምስል ቢዮርን ዮንሶን በሁለት መልክ አቅርበውታል፤ አንዱ ለሰው ዓይን የሚታየውን ያህል፣ ሌላው ቀለሙና ንፅፅሩ ተጎልቶ። ጎን ለጎን ያያቸው ሰው ሁለት የተለያዩ ፕላኔቶች ናቸው ብሎ ሊምል ይችላል። የመጀመሪያው ለስለስ ብሎ ያምራል። ሁለተኛው ግን በመጀመሪያው ውስጥ ተሰውሮ የነበረውን ያወጣዋል፤ አንዱ የደመና ንብርብር ከሌላው በላይ መሆኑን፣ አንዱ የነፋስ መስመር የሌላውን ጫፍ ሲያሾረው፣ አሞኒያ ያዘለው ነጭ ደመና የቱ እንደሆነ።

ስለዚህ ቀለም ማጉላት ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው ምን እንደተደረገ የሚናገረው መግለጫ ከምስሉ ሲነጠልና ምስሉ ብቻውን በየስልኩ ሲዞር ነው። ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ኔፕቱን ምስክር ናት። ቮየጀር 2 በ1989 ያነሳቻቸው የኔፕቱን ምስሎች ደመናዋ ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ንፅፅራቸው ጨምሮ ነበር፤ በጊዜውም ይህ ተነግሯል። ነገር ግን ማስታወሻው ተረሳ፤ ጥልቅ ሰማያዊው ቀለም ብቻ ቀረ፤ በየመማሪያ መጽሐፉም ገባ። በጃንዋሪ 2024 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፓትሪክ ኧርዊን የተመራ ቡድን ቀለሙን እንደገና አስልቶ ኔፕቱንም ዩራነስም ተመሳሳይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ መሆናቸውን፣ ኔፕቱን በጥቂቱ ብቻ ይበልጥ ሰማያዊ መሆኗን አሳየ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዓለም ልጆች ኔፕቱንን ባልሆነችው ቀለም ሲስሏት ኖረዋል። ጥፋቱ ምስሉን የሠሩት ሰዎች አይደለም። መግለጫውን ቆርጠው የጣሉት ናቸው ጥፋተኞቹ።

ከአማተሮቹ አንዳንዶቹ ቀለምን በግልጽ ለጥበብ ይጠቀሙበታል። ጁኖ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2022 በበረዶ ከተሸፈነችው የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ አጠገብ፣ በ352 ኪሎ ሜትር ርቀት ስታልፍ፣ ፈርናንዶ ጋርሲያ ናቫሮ ኬቪን ጊል ቀድመው የሠሩትን ምስል ወስደው በበልግ ቅጠል ቀለማት የተሞላች ዩሮፓን ሠርተዋል። እሱን አይቶ ዩሮፓ ብርቱካናማ ናት የሚል ሰው አይገኝም። በ2017 ደግሞ ጄሰን ሜጀር አንድ የጁፒተር ምስል ገልብጠው ሁለት ነጭ አውሎ ነፋሶች እንደ ዓይን የሚያፈጡበት ፊት አድርገውታል። ሕፃን ልጅ በሳቅ እየፈነደቀ ስለ ጁፒተር እንዲጠይቅ የሚያደርግ ሥራ ነውና ይህም ዋጋ አለው።

አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ሜይ 31 ቀን 2020 ማለዳ ደቡብ አፍሪካዊው አማተር ክላይድ ፎስተር ሴንቱሪዮን በተባለችው ከተማ በሚገኘው ቴሌስኮፓቸው፣ የሚቴን ሞገድ በሚለየው ማጣሪያ ጁፒተርን እያነሱ ነበር። ከታላቁ ቀይ ነጥብ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከዚያ በፊት ያልነበረ ደማቅ ነጥብ ታያቸው። ከጥቂት ሰዓታት በፊት በአውስትራሊያ የተነሱ ምስሎች ላይ ይህ ነጥብ የለም። በሚቴን ማጣሪያ መድመቁ ትርጉም አለው፤ አንድ ግዙፍ የደመና ግንድ ከሥር ፈንድቶ ከሌላው ደመና በላይ ወጥቷል ማለት ነው።

ዕድል ሆኖ ጁኖ ለ27ኛ ጊዜ ወደ ጁፒተር የምትቀርበው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁን 2 ነበር። ያለፈችበት መንገድም በአካባቢው ነበርና ካሜራዋ ነጥቡን በቅርብ አነሳችው፤ ኬቪን ጊል ጥሬውን ምስል ወስደው ሠሩት። ነጥቡ "የክላይድ ነጥብ" ተባለ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2021፣ ጁኖ እንደገና ስታየው መልኩ ፈጽሞ ተለውጧል፤ ሰፍቶ፣ ተጠላልፎ፣ እንደተጨማደደ ክር ሆኗል። የአንድ አውሎ ነፋስ ልደትና እርጅና እንዲህ ተከታትሎ ሊመዘገብ የቻለው አንድ ሰው ከግቢው፣ አንዲት መንኮራኩር ከላይ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ፊት ሆነው አንዱ የሌላውን ሥራ ስለቀጠለ ነው። ለሙያው ቅርብ የሆኑ ሰዎች ይህ ብርቅ አይደለም ይላሉ፤ በ2009 ጁፒተርን አንድ አካል መትቶት የተወውን ጥቁር ጠባሳ ቀድመው ያዩት አውስትራሊያዊው አማተር አንቶኒ ዌስሊ ነበሩ፤ በ2006 ደግሞ ነጭ የነበረ አንድ አውሎ ነፋስ መቅላቱን ያስተዋሉት ፊሊፒናዊው ክሪስቶፈር ጎ ናቸው።

የዋልታዎቹ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጁፒተር ከምድር ሲታይ ዋልታዎቹ በጨረፍታ ካልሆነ አይታዩም። ጁኖ በላያቸው ስታልፍ ከሰሜኑ ዋልታ ላይ አንድ አውሎ ነፋስ መሀል ቆሞ ስምንት ሌሎች ከብበውት፣ በደቡቡ ደግሞ አምስት ከብበውት ተገኙ። የደቡቦቹ እያንዳንዳቸው ከ5,600 እስከ 7,000 ኪሎ ሜትር ስፋት አላቸው። እንዴት ሳይዋዋጡ ጎን ለጎን ይኖራሉ? መልሱን ለማግኘት በየማለፉ የነበሩበትን ቦታ ከዓመት ዓመት መከታተል ያስፈልጋል። የአይሽቴት ሶፍትዌር በተለያየ ጊዜና ማዕዘን የተነሱትን ምስሎች ሁሉ ከአንድ ቦታ የታዩ አስመስሎ ይዘረጋቸዋል፤ በተከታታይ ሲታዩ ደመናው ይንቀሳቀሳል፣ የነፋሱም ፍጥነት ይለካል። አይሽቴት በ2022 በስፔን ግራናዳ በተደረገው የአውሮፓ የፕላኔት ሳይንስ ጉባኤ ላይም የደመናውን ድምቀት እንደ ከፍታ ቆጥሮ የጁፒተርን ሰማይ በተራራና በሸለቆ መልክ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል አቅርበዋል። ድምቀት ሁልጊዜ ከፍታ ነው ማለት አይደለም፤ ይህም አብሮ መነገር አለበት።

ይህ ሁሉ የተሠራው ከታሰበላት ዕድሜ በላይ በኖረች ካሜራ ነው ማለት ይቻላል። ጁኖካም እንድትቆይ የታሰበው ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ዙሮች ያህል ነበር። ጁፒተር ዙሪያ ያለው የጨረር ቀለበት ከማንኛውም ፕላኔት የከፋ በመሆኑ የጁኖ ዋና ኤሌክትሮኒክስ በታይታኒየም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ የካሜራዋ ሌንስና መቀበያ ግን ከሣጥኑ ውጪ ናቸው። ያም ሆኖ 34 ዙር ያህል ያለ ችግር ሠራች። በ47ኛው ዙር የጉዳት ምልክት ታየ። በ56ኛው ላይ ምስሎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በጭረትና በብናኝ ተበላሹ። መሐንዲሶቹ ከኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያዋ ጋር የተያያዘ ክፍል ሳይጎዳ እንዳልቀረ ጠረጠሩ። ከምድር በመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችን ካሜራ ማን ይፈታታታል? የቀራቸው ነገር ማሞቅ ነበር። ሙቀት አንዳንዴ በጨረር የተናጋውን የቁሱን ውስጣዊ አሠራር መልሶ ያስተካክላል። የካሜራዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው ጠበቁ። ዲሴምበር 30 ቀን 2023 ጁኖ በእሳተ ገሞራ በምትናጠው ጨረቃ አዮ አጠገብ፣ በ1,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ልታልፍ የቀራት ጥቂት ቀን ነበር። ማለፉ ሲደርስ ካሜራዋ ወደ ቀድሞ ጥራቷ ተመልሳ የአዮን ተራሮችና ገሞራዎች አነሳች። በኋላ፣ በ74ኛው ዙር፣ ብናኙ እንደገና ተመለሰ።

እንዲህ ያሉት የተበላሹ ምስሎች ለአማተሮቹ የሚጣሉ አይደሉም። አሮጌ መረጃ ስንት ነገር እንደሚያወጣ ያውቁታል። ማርች 1979 ላይ የቮየጀር 1 የጉዞ መሐንዲስ የነበሩት ሊንዳ ሞራቢቶ ከአዮ አጠገብ ያለች ደብዛዛ ኮከብ ለመፈለግ የአንዱን ምስል ድምቀት ሲጨምሩ፣ ከጨረቃዋ ጠርዝ በላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነገር አዩ። ከምድር ውጪ የታየ የመጀመሪያው የነቃ እሳተ ገሞራ እሱ ነው። በቴነሲ የፍልስፍና መምህር የሆኑት ቴድ ስትራይክ ደግሞ በ2009 የቮየጀር 2ን የኔፕቱን ምስሎች ከማኅደር አውጥተው ሲሠሩ፣ 148 ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ጨረቃ ዴስፒና በፕላኔቷ ላይ ጥላዋን ስትጥል የሚያሳዩ ምስሎች አገኙ። ምስሎቹ የተነሱት ኦገስት 24 ቀን 1989 ነው፤ ለሃያ ዓመት ያህል ማንም ጥላውን ልብ አላለውም። ኬቪን ጊልም በ2022 ጁኖ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዲሴምበር 30 ቀን 2020፣ ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያነሳችውን ምስል ሲሠሩ በአንድ አዙሪት ውስጥ አረንጓዴ ብልጭታ ወጣላቸው። መብረቅ ነበር።

የጁኖካም ጥሬ ፋይሎች በናሳ የፕላኔት መረጃ ማኅደር ተቀምጠዋል፤ ለማውረድ ክፍያም ፈቃድም አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው የሠራውንና ያነሳውን ስም መጥቀስ ብቻ ነው። ከጥሬው ጥብጣብ መነሳት ለከበደው ጀማሪ የካሜራዋ ቡድን ራሱ ገጣጥሞ በካርታ መልክ የዘረጋው ቅጂም አብሮ ይለቀቃል። እሱን እንደ ጂምፕ ባለ ነፃ የምስል ሶፍትዌር ከፍቶ ንፅፅሩን በማስተካከል መጀመር ይቻላል፤ ጥሩ ኢንተርኔትና መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃል፤ አዲስ አበባም ሆነ ሬይክያቪክ የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው ፋይል ያው አንዱ ነው። ሒሳቡን የወደደ ደግሞ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጉዞ መረጃውን እያነበበ ቁራጮቹን ራሱ ወደ መግጠም ይሻገራል። መጀመሪያ ላይ ጠርዞቹ አይገጥሙም፤ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይቀራል። ያን ጊዜ የሽክርክሪቱን ቁጥር ከፍ ዝቅ እያደረጉ የፕላኔቱን ጠርዝ እንደገና መሞከር ነው።